ፊቱ የሞላው ፈረሰኛ

«ሬሳው አልተቀበረም። ወንድምየው ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ አላስቀብርም ብሏል።»

የቀበሌው ሚሊሻ በስልክ የተናገረው ይህን ብቻ ነበር፤ ከዚያ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ኢንስፔክተር ሽባባው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ካፖርቱን ደረበ። የእንጅባራ የጥር ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ለሽባባው ግን ብርዱም ሬሳውም እኩል ነበር። ባለፈው ክረምት ሚስቱን ዳንግላ ከቀበረ ወዲህ ደረቱ ውስጥ ያለው ነገር ሲቀመጡበት እንደ ደነዘዘ እግር ሆኖበታል፤ መኖሩን ያውቃል፣ ግን አይሰማውም። ሥራውን አላበላሸበትም። እንዲያውም ባልደረቦቹ «ዘንድሮ ዓይኑ ተስሏል» እያሉ ያሙታል።

ባጃጇ አስፋልቱ የሚያልቅበት ድረስ አደረሰችው፤ ከዚያ ወደ ዘንገና የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዘ። ሟች ይሄነው የሚባል ጎልማሳ ገበሬና ስመ ጥር ፈረሰኛ ነበር። ትናንት በፈረሰኞቹ በዓል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው፣ ጓዶቹን እየመራ ሜዳውን ሰንጥቆ ጋልቧል። አመሻሹ ላይ «ሆዴን» ብሎ ተኛ። ሲነጋ ሞተ። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ ብቻ ናት።

ግቢው ውስጥ ፈረሶቹ የበዓሉን ጌጥ ሳያወልቁ ከቀርከሃው አጥር ጥግ ታስረዋል። ባለቤቶቻቸው ክብ ሠርተው በአገውኛ ይንሾካሾካሉ፤ ሽባባው ሲገባ ጸጥ አሉ። ቤት ውስጥ የሟቹ ታላቅ ወንድም ተሻገር በእርግጥም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል።

«ተነሥ እንጂ ወንድሜ፤ ሰው ወንድሙን ወንበር አያደርግም» አለው ሽባባው።

ተሻገር ተነሣ። ዓይኑ አብጧል። «ወንድሜ ተመርዟል፣ ኢንስፔክተር። የመረዘችውም ያቻት።»

ያሳየው የሟቹን ሚስት ስሜነሽን ነበር። ከምሰሶው ሥር ተቀምጣለች። በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ ሲያለቅሱ፣ እሷ ግን እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። ፊቷ አልተነጨም፣ ዓይኗም ደረቅ ነው። በዚህ አገር ደረቅ ዓይን ያላት መበለት ግማሹ ፍርድ ያን ጊዜውኑ ተፈርዶባታል።

ሽባባው ሰው አስወጥቶ ሣጥኑን አስከፈተ። በመጀመሪያ ያየው ፊቱን ነው። ክብ፣ ጉንጩ የሞላ፣ የሀብታም ነጋዴ ፊት። ቀጥሎ እግሩን ገለጠ፤ የሌላ ሰው እግር መሰለው። ባቱ መንምኖ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ ቅልጥሞቹ ላይ ቀላ ያሉና የጠቆሩ እብጠቶች አሉ፣ አንዳንዶቹ የከረሙ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ከንፈሩን ሲገልጠው አፉ ውስጥ ነጫጭ ቁስሎች አየ። ፊትና እግር በአንድ ሰው ላይ እንዲህ ሳይተዋወቁ ሲቀሩ አይቶ አያውቅም።

ግድግዳው ላይ ትናንት የጋለበበት ልብስ ተሰቅሏል። ሱሪው ጥቁር ነው። ኪሱን ሲዳብስ እፍኝ የገብስ ቆሎ ወጣ።

«ጓዶቹ ሁሉ ነጭ ሱሪ ሲለብሱ እሱ ለምን ጥቁር ለበሰ?» ብሎ ጠየቀው ተሻገርን፣ ወደ ግቢው ከወጡ በኋላ።

«ከአምና ወዲህ ነጭ ትቷል። ለመለየት ነዋ። ኩራት ነው።»

«ታሞ ያውቅ ነበር?»

«ይሄነው? ኧረ በጊዮርጊስ! ፊቱን አላዩትም? ድሮ ከሲታ ነበር። ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን ወዙ ተመልሶ ፊቱ ሞላ። ያየው ሁሉ ‹ተመቸህ› ነው የሚለው። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ሆዴን ብሎ ጠዋት ይሞታል?»

«ሚስቱንስ በምን ጠረጠርካት?»

«ድስት ለየችበት። እሷና ልጅቷ ከአንድ ድስት ይበላሉ፤ ለእሱ ግን በትንሽ ድስት ለብቻው ነው የምታበስለው። ጎረቤት ይጠየቅ። ሌሊትም እየተነሣ ይወጣ ነበር። አልጋው ባይመረው ኖሮ በዚህ ብርድ ማን ይወጣል? ዓይኑ ደም ይመስል ነበር፤ በእሷ ንዴት አረቄ ጀምሮ ነው።»

«አረቄ ሲጠጣ አይተኸዋል?»

«ሲጠጣስ አላየሁም። ዓይኑን ነው ያየሁት።»

እናቲቱ ወይዘሮ ዘውድነሽ ጓዳ ውስጥ፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለበሱ ተቀምጠው ነበር። ሽባባው ጎንበስ ብሎ «እግዜር ያጥናዎት፣ እናቴ» አላቸው።

«አሜን ልጄ። አንተንም ክፉ አይንካህ።»

«ይሄነው ዘንድሮ ጠባዩ ተለውጦ ነበር?»

«መለወጥማ! ልጄን ትዕቢት ገባው። ድግስ ሲጠራ በር ሥር ካልሆነ አይቀመጥም፤ ገና ሳይበላ ተነሥቶ ይወጣል። ከሰው ዋንጫ አይጠጣም። ቆሎ ቆልቼለት ስሄድ ‹አፌን ምች መትቶኛል› እያለ ይመልስልኛል። በልጅነቱ ከቆሎ የማይለይ የነበረ! ዓመት አለፈው እኮ ከእጄ ቆሎ ካልቀመሰ። ጉልበቴን እያለም እንደ ሽማግሌ ያቃስታል። ሚስቱ አድርጋበት እንጂ …»

«ምን አድርጋበት?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው ነው የሚለው።»

ሽባባው ኪሱ ውስጥ ያስቀመጠውን ቆሎ በጣቱ ነካ። ዓመት ሙሉ የእናቱን ቆሎ የመለሰ ሰው በመጨረሻ ቀኑ ኪሱን ሞልቶት ተገኘ። ይህን ለማንም አልተናገረም።

አስከሬኑ ለምርመራ ወደ ባሕር ዳር ተላከ፤ ስሜነሽም ወደ ጣቢያ ተወሰደች። በአንድ በኩል ተጠርጥራ፣ በሌላ በኩል ግቢው ውስጥ የቀሩት ፈረሰኞች አለንጋ ይዘው ስለነበር ነው። ሬሳው ተመልሶ ሲቀበርም እሷ አልነበረችም።

«ባልሽ ታሞ ነበር?» ሲል ጠየቃት።

ዝም።

«ስሚኝ ስሜነሽ። ዝም ካልሽ ፍርድ ቤት በባል ግድያ ትቀርቢያለሽ። ሜላትን ተሻገር ሊወስዳት ነው። ልጅሽን በዓመት በዓል እንኳ ላታያት ትችያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የማልኩት ነገር አለ። በሜላት ነው የማልኩት።»

«ለማን?»

«ለሟቹ» አለች፤ ድምጿ ውስጥ ምንም የለም። «በሕይወት ቢኖር እግሩ ላይ ወድቄ ማህላዬን አንሣልኝ እለው ነበር። ሙት ግን አይለመንም።»

ሽባባው ከምርመራው ውጭ የሆነ ጥያቄ ጠየቃት። «ለምን አላለቀስሽም?»

«አልመጣልኝም።»

አመናት። ዳንግላ ላይ፣ ሚስቱ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ የባልንጀሮቹ ዓይን የእሱን ደረቅ ጉንጭ ሲፈልግ ትዝ ይለዋል። ለእሱም አልመጣለትም ነበር። ግን አምናታለሁ ብሎ ለዳኛ ማስረዳት አይቻልም።

ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ብርሃን በማግስቱ ደወለ። «ትልቁ አንጀት ከመጠን በላይ ተነፍቶ ፈንድቷል፤ የገደለው ይኸው ነው። የአንጀቱ ውስጠኛ ግድግዳ ቆስሏል። አዲስ ቁስልም አለ፣ የከረመም አለ።»

«መርዝ ነው?»

«ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፤ ወራት ይፈጃል። በዓይኔ ያየሁትን ከጠየቅከኝ፣ ወይ ቀስ በቀስ የተሰጠ የሚያቃጥል ነገር ነው፣ ወይ የቆየ ሕመም። ታማሚ ነበር?»

«ጤነኛ ነበር ነው የሚሉት ሁሉም።»

«እንግዲያው ሚስትየዋ መከራዋን ታያለች።»

«ጉሮሮውና ጨጓራውስ እንዴት ናቸው?»

«ንጹሕ ናቸው። አፉ ግን ቆስሏል።»

ሽባባው ስልኩን ዘጋ። ነገሩ ሁሉ አንዲት ጥያቄ ላይ ወደቀ፦ ይሄነው ታማሚ ነበር ወይስ ጤነኛ? ጤነኛ ከሆነ፣ በትንሹ ድስት ቀስ በቀስ ተገድሏል። ታማሚ ከሆነ ደግሞ ወንድሙና እናቱ እንዴት አላወቁም? ሚስቱ ታውቃለች፤ እሷ ደግሞ አፏን በማህላ ሰፍታዋለች። ሆድ ይፍጀው ብላለች። ከሚስት ቀጥሎ ፈረሰኛን የሚያውቀው አብሮት የሚጋልበው ነው።

ሰውነት የይሄነው የልብ ጓደኛ ነበር። ለበዓልና ለሰርግ የሚወጡ ፈረሶችን ማሰናዳት ከአባቱ የወረሰው ሥራ ነው። ቀብሩ ላይ ሁሉም ሲያለቅስ እሱ ዳር ቆሞ ሣር ሲበጥስ ሽባባው አይቶታል። አሁንም ጋጣው በር ላይ ኮርቻ እየወለወለ አገኘው። ከኮርቻዎቹ አንዱ ላይ አጎዛ ተደራርቦ ተሰፍቷል፤ መካከሉ ላይ ግን ተቆርጦ ጎድጎድ ብሏል።

«የማን ነው ይኼ?»

«የይሄነው፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«መካከሉ ምን ሆኖ ነው?»

«እንዲለሰልስለት ብሎ ነው።»

«የአገው ፈረሰኛ ከመቼ ወዲህ ነው ለመቀመጫው የሚሳሳ?»

ሰውነት መወልወሉን ቀጠለ። ሽባባው ወደ ጋጣው ውስጥ ተመለከተ። አንድ ዳማ ፈረስ ለብቻው ታስሯል። ግርግሙ ውስጥ ሣር የለም፤ የተቆላ ገብስ ብቻ። የውሃው ባልዲ ተደፍቷል።

«ይኼንን ምን አጠፋ ብለህ ነው የምትቀጣው?»

«ቅጣት አይደለም፣ ኢንስፔክተር» አለ ሰውነት። ወደ ሙያው ሲመለስ ድምፁ ነቃ አለ። «ግምጃ ቤት ከተማ ላለ ሰርግ ይወጣል። ትርዒት ላይ የሚወጣ ፈረስ አስቀድሞ መድረቅ አለበት። ሣር ትነሣዋለህ፣ ውሃ ትቀንስበታለህ፣ ቆሎ ትሰጠዋለህ። ሆዱ ይጠብቃል። ያለዚያ ሙሽሮች ፊት ጭራውን አንሥቶ ጉድ ያደርግሃል። አባቴ ያስተማረኝ ነው፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም …»

እዚህ ላይ ድንገት ቆመ። ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ሽባባው ጎንበስ ብሎ አነሣና አቀበለው፤ «ሰልስቱ ላይ እንገናኝ» ብሎት ሄደ።

አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ኔትወርክ አገኘ። «ዶክተር፣ አንድ ነገር ንገረኝ። ዓይን የሚያቀላ፣ ጉልበት የሚይዝ፣ አፍ የሚያቆስል፣ ቅልጥም ላይ ቀይ እብጠት የሚያወጣ፣ ሰውን ሌሊት የሚያሮጥ አንድ በሽታ አለ?»

«ይኼን ሁሉ ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ነገሩኝ። ሌላ ሌላ ስም አውጥተውለት ነው እንጂ።»

ዶክተሩ ረጅም ሰዓት አወራ። ሽባባው ባጃጆች እያለፉት መንገድ ዳር ቆሞ አዳመጠ። በመጨረሻም ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ አንዱ ስለ ፊት፣ አንዱ ስለ ቆሎ።

በሰልስቱ ዕለት ድንኳኑ ሙሉ ነበር። ወይዘሮ ዘውድነሽ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ተሻገር ከጎናቸው። ፈረሰኞቹ ከኋላ ናቸው፣ ሰውነት ከእነሱም ኋላ። አንዲት ሴት ፖሊስ ስሜነሽን ይዛት ስትገባ ድንኳኑ አጉረመረመ። ሜላት እናቷን አይታ ሮጠች፤ የተሻገር እጅ መለሳት።

«ነፍሰ ገዳይ ከለቀስተኛ ጋር ታስቀምጣላችሁ?» አለ ተሻገር።

«ነፍሰ ገዳይ መሆኗን እስካረጋግጥ ለቀስተኛ ናት» አለው ሽባባው። «ተቀመጥ። የወንድምህን ሞት ልነግርህ ነው የመጣሁት።»

ሽባባው መናገር ሲጀምር ሁልጊዜ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሰው ለመስማት ሲል ዝም እንዲል።

«መርዝ ነው አላችሁ። መርዝ የሚገባው በአፍ ነው። አንጀት የሚልጥ መርዝ መጀመሪያ ጉሮሮን ይልጣል፣ ከዚያ ጨጓራን። የይሄነው ጉሮሮና ጨጓራ ንጹሕ ናቸው። የቆሰለው ትልቁ አንጀቱ ነው። መርዝ እንደ ባለሟል እየመረጠ አይገባም። ስለዚህ መርዝ አልነበረም።»

«አፉስ?» አለ ተሻገር። «ገናዦቹ አፉ መቁሰሉን አይተዋል!»

«እመጣበታለሁ። ሰው ሁሉ ጤነኛ ነበር አለኝ። ግን የነገራችሁኝን ሁሉ ሳሰባስበው አንድም የጤነኛ ነገር አጣሁበት። ዓይኑ ሲቀላ አረቄ አላችሁት። ድግስ ላይ በር ሥር ሲቀመጥ ትዕቢት አላችሁት። ሌሊት ሲወጣ ሚስቱን ጠልቶ አላችሁ። አፉ ሲቆስል ምች፣ ጉልበቱን ሲያመው እርጅና። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ስም አወጣችሁለት፤ አንድ ላይ ሆኖ ግን አንድ በሽታ ነው። አንጀትን ራሱን የሚያቆስል፣ የሚሻልና የሚያገረሽ በሽታ። ሆድ ይቆርጣል፣ ደም ያስቀምጣል፣ ሰው ቀንም ሌሊትም ሲመላለስ ይውላል። አልፎም ዓይንን፣ አፍን፣ መጋጠሚያን፣ ቅልጥምን ይነካል። በር ሥር የሚቀመጠው መውጫ ፈልጎ ነው። ጥቁር ሱሪ የለበሰው ለኩራት ሳይሆን ደም እንዳይታይበት ነው።»

ስሜነሽ ቀና አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ታየ፤ ሽባባው ግን ወደ እሷ አልተመለከተም።

«ፊቱስ?» አለ ተሻገር፤ ድምፁ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። «የታመመ ሰው ይከሳል። እሱ ግን ሞላ!»

«እግሩን አይተኸዋል? እኔ አይቼዋለሁ፤ እንጨት ነው። ሁላችሁንም ያሞኛችሁ ፊቱ ነው። ለዚህ ሕመም የሚሰጥ ብርቱ ኪኒን አለ፤ ሲቆዩበት ፊትን ያከብበዋል፣ ጉንጭን ይሞላል። ያ ወዝ የመድኃኒት ወዝ ነበር። ‹ተመቸህ› ስትሉት የነበረው በጣም በታመመበት ጊዜ ነው።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ትንሿ ድስት ደግሞ» ሲል ቀጠለ ሽባባው፤ «በርበሬ የማይገባባት፣ ሕመሙ ሲነሣበት የሚስማማውን ለስላሳ ምግብ የሚያበስሉባት ድስት ናት። ስሜነሽ ባሏን አልገደለችም። በሕይወት ስታቆየው ነበር። ይህን ብትነግረኝ ኖሮ በዚያኑ ቀን ቤቷ በገባች። ግን አስምሏት ነበር፤ ፈረሰኛ ከመቀመጫው ደም ይፈሰዋል እንዳይባል።»

«ታዲያ ምን ገደለው?» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ።

«ቆሎ» አለ ሽባባው። እፍኙን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋው። «ዓመት ሙሉ የእናቱን ቆሎ መለሰ። ሚስቱም አትሰጠውም። በበዓሉ ቀን ግን ኪሱ ውስጥ ነበር። ማን ሰጠው? ሰው ለታመመ ሰው ቆሎ አይሰጥም። ለትርዒት ለሚወጣ ፈረስ ግን ይሰጣል።»

የድንኳኑ ራስ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሰውነት ተነሥቶ ቆሞ ነበር።

«እሱ ነው የለመነኝ» አለ። «አምና ሜዳው መሃል ሆዱ አጣድፎት ከፈረሱ ሊወርድ ምንም አልቀረው። ‹ዘንድሮ ከወረድኩ አልመለስም፤ እንደ ፈረሱ አድርቀኝ› አለኝ። እምቢ አልኩት። አለቀሰ። የኮርቻውን አጎዛ ለዚያ ለማይድነው የመቀመጫው ቁስል ብዬ የቆረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ከእኔ የሚደብቀው አልነበረውም። ውሃ ቀነስኩበት፣ ቆሎ ሰጠሁት። ተቅማጥ የሚያቆም ኪኒን ደግሞ ከከተማ ገዛሁለት። አንድ ስሰጠው ጨምር አለኝ፤ ጨመርኩለት። ሠራ እኮ! ከዋዜማው ጀምሮ አንዴም አልወጣም። ስቆ አቀፈኝ። ሲጋልብ አያችሁት አይደል? አያችሁት …»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይሉ የለ። ሽባባው ቆሎውን ወደ ኪሱ መለሰ።

«እንዲያ የቆሰለ አንጀት በኪኒን ሲታሰር ይነፋል» አለ። «ሲነፋ ይፈነዳል። ፊቱን የሞላው መድኃኒት ደግሞ ሕመሙን ይሸፍናል፤ እሱ ሆዴን ያለው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ፈረስ ደርቆ ይጋልባል። እሱ ግን ደርቆ ሞተ። ቆይ ሰውነት፣ ስሜነሽ ስትታሰር ምን ብለህ ዝም አልክ?»

«እኔንም አስምሎኛል።» ሰውነት ወደ ስሜነሽ ዞረ። «አንቺን እንዳላስጨንቅሽ አለኝ። ደህና ይሆናል አለኝ። ይቅር …» ቃሉን አልጨረሰም። ሴቷ ፖሊስ ክንዱን ያዘች፤ ቃሉን ጣቢያ ሊሰጥ ነው፣ ከዚያ ዐቃቤ ሕግ ያውቃል።

ሽባባው ስሜነሽን «ነጻ ነሽ» አላት። በሥራው ውስጥ ደስ ይለው የነበረው ይህን ቃል መናገር ነው። አሁን ግን ምንም አልተሰማውም፤ ምስጋና ጠብቆ ነበር እንጂ።

ስሜነሽ ተነሣች። «ማን ተናገር አለዎት?»

«ምን?»

«እነዚህ ሁሉ ፊት ማን ተናገር አለዎት? ለወንድሙ ቢነግሩት በቂ አልነበረም? ለዳኛው ቢነግሩት?» ድምጿን አላነሣችም። «ጎረቤት እንዳያይ ሳይነጋ ወንዝ ወርጄ ደሙን ያጠብኩት፣ ሰው ቢጠይቀኝ የወር አበባዬ ነው እያልኩ የዋሸሁት፣ ይኼን ቀን እንዳያይ ነበር። እኔ ብታሰር እሱ ፈረሰኛ ሆኖ ይቀር ነበር። አንዴ ቀብረውት ነበር እኮ፤ ዛሬ እርስዎ ደግመው ቀበሩት።»

ሽባባው ሰው ሰብስቦ ማስረዳት ልማዱ ነው፤ ሌላ መንገድ መኖሩን አላሰበም። አፈረ። ሐፍረቱ ሲመጣ ሙሉ ለሙሉ መጣ፤ ከክረምቱ ወዲህ የተሰማው የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

ወይዘሮ ዘውድነሽ «ልጄን ያመው ነበር … እኔ ትዕቢተኛ አልኩት … ለእኔስ ቢነግረኝ ምን ነበረ» እያሉ ሲንሰቀሰቁ፣ ፈረሰኞቹ አንገታቸውን ደፍተው አንድ በአንድ ወጡ። አንዳቸውም አልሳቁም። አንዳቸውም አላወሩም።

ሽባባው አጥሩ ጋ ሲደርስ ተሻገር ከኋላው ተጣራ።

«ኢንስፔክተር። ያ … ቅልጥሙ ላይ ያለው እብጠት። ሲነኩት ያምማል?»

«ያምማል ብሎኛል ሐኪሙ።»

ተሻገር ወዲያና ወዲህ አየ። «ደሙስ? ሁልጊዜ ነው ወይስ ይመጣል ይሄዳል?»

ሽባባው ፊቱን አየው። ወንድሙ ጤነኛ ነበር ብሎ ሣጥን ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ይሄነው በዚህ በሽታ ከሞተ፣ ያው ምልክት ያለበት እሱም ታማሚ መሆኑ ነው፤ መርዝ ከሆነ ግን እሱን አይነካውም። «ከመቼ ወዲህ ነው?» ሲል ጠየቀው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከመኸር ወዲህ። ለሚስቴም አልነገርኩ።» «እሱ የሄደበት ሐኪም የት ነው?»

«እኔ አላውቅም። የምታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

ስሜነሽ ሜላትን አቅፋ ቤቷ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ተሻገር ወደ እሷ ሄደ። ያሳሰራት፣ ቀብር ያስቀራት፣ ልጇን ሊወስድባት የነበረ ሰው ነው፤ ፊቷ ቆመ። ጎንበስ ብሎ የሱሪውን እግር እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ።

ስሜነሽ ቅልጥሙን አየች። ሽባባው ከአጥሩ ወዲህ ሆኖ፣ በሩን በላዩ ላይ ብትዘጋበት አልፈርድባትም ብሎ አሰበ።

«ነገ በጠዋት መናኸሪያ ናልኝ» አለችው። «በመጀመሪያው ሚኒባስ ባሕር ዳር እንሄዳለን። ሐኪሙ ጋ እኔ አገባሃለሁ።»

«ስሜነሽ … ለሰው እንዳትነግሪ ብቻ …»

«አልነግርም» አለችው። «ግን እንድምልልህ አትጠይቀኝ። ከእንግዲህ ለማንም አልምልም።»